ቅቤ ቅቤ የሸተተ ቢራ

ኖቬምበር 12፣ 1928፤ የቅዱስ ማርቲን ማግስት

ለቢራው ምሬት የሚሰጠውን የሆፕ አበባ የሚሸጥልን ነጋዴ በየዓመቱ ለባሌ አንድ ደብተር ያመጣለታል። ባሌ ሴቬሪንም በየዓመቱ ለእኔ ይወረውርልኛል። እሱ ጠማቂ ነው፤ ሐሳቡን ሁሉ በርሜል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። የዘንድሮውን የልብስ ማጠቢያ ቀን ከምመዘግብበት ልቤን ላሳርፍበት ብያለሁ።

ትናንት ዝይ ጠበስኩ። ከተጋባን ጀምሮ ሴቬሪን ከጠመቃ ቤቱ ሲመጣ የምሳውን ስም ከግቢ ሆኖ ሳይጠራ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። «ዜንዚ፣ ዛሬ ዝይ ነው፤ ከሙኑን አሳንሰሽዋል» ይላል በዚያ በርሜል በሚያህል ድምፁ። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ እኔ በሃፍረት መግቢያ ይጠፋኛል። ትናንት ግን ዝም ብሎ ወጣ፣ ተቀመጠና «ምሳ ምንድን ነው?» አለኝ። የዝይዋ ጠረን አደባባዩ ድረስ ወጥቶ ነበር።

ከጥቅምቱ ጉንፋን ወዲህ ደክሞታል። ሥጋው ላይ ጨው ነሰነሰ፣ ቀመሰ፣ እንደገና ነሰነሰ። አጠባበሴ ተበላሽቶ ይሆናል።

ኖቬምበር 20

በችኮላ። ወተት ጥጄ ወደ ጓሮ ስወጣ «አደራ፣ እየው» ብዬው ነበር። ስመለስ ወተቱ አርሮ፣ ድስቱ ከስሎ፣ ማጀቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሱ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል። «ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝም» አለ። ነግሬው ነበር። ለነገሩ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወተት ጥዶ መሄድ ምን የሚሉት ነው።

ኖቬምበር 27

አንሶላ ስቀይር ትራሱ ሥር የሆፕ አበባ አገኘሁ። በሥራ ኮቱ ኪስም አለ፣ በሁለቱም፤ በጣት ታሽቶ ዱቄት ሆኗል። እናቴ እንቅልፍ ለራቀው ሰው ትራስ ውስጥ ሆፕ ትሰፋ ነበር። ሴቬሪንም እንቅልፍ እምቢ ብሎት መሆን አለበት። ለምን እንደማይነግረኝ አላውቅም።

ሌላ የከነከነኝ ነገር አለ። ምድር ቤቱን የሚጠብቀው ቬንደሊን ሰሞኑን ከባሌ ጎን አይጠፋም። ሴቬሪን ገና ወደ መፍያ ገንዳው ጎንበስ ሳይል «ይሄኛው ደህና ነው አለቃ፣ ያኛው ሁለት ቀን ይቀረዋል» ይለዋል። ማን ጠየቀው? የጠማቂውን ወንበር በዓይኑ እየለካ ነው። እኔ ይህን ዓይነት ሰው አውቃለሁ፤ ጎንበስ የሚለው ለመዝለል ነው።

ዲሴምበር 6፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት

ከጠመቃ ቤቱ ተመልሼ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

የከተማችን የሮተንሽላግ ጠመቃ ቤት የአንድ ጌታ አይደለም። በከተማው ግንብ ውስጥ ያሉት ቤቶች ናቸው ባለቤቶቹ፤ ቤት የገዛ የቢራውን ድርሻ አብሮ ይገዛል። ሁሉም አዛዥ፣ ሁሉም አዋቂ ነው። አዲስ ቢራ ሲከፈት ባለቤቶቹ በሙሉ ብርጭቆአቸውን ይዘው በአዳራሹ ይቆማሉ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጠማቂው ይጠጣና «ጥሩ ነው» ይላል። እሱ ሳይል ማንም ከንፈሩን አያርስም።

ዛሬ ሴቬሪን ጠጣ። «ጥሩ ነው» አለ።

ሁሉም ጠጡ። ከዚያ ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ ከከንፈር ወረዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ሆኜ እንኳ ሸተተኝ፤ ቅቤ፣ ያውም የሰነበተ ቅቤ። ቅቤ ዳቦ ላይ ደግ ነው፤ ቢራ ውስጥ ሲገባ ግን የበሽታ ምልክት ነው። የባለቤቶቹ ሰብሳቢ ሽማግሌው ባርኔጣ ሰፊ ላምበርት ብርጭቆውን አየት አደረገና «አለቃ፣ ዳቦውስ የት አለ?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቬሪንም አብሮ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባው አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ቬንደሊን ከኋላ ወጥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቧንቧውን በደንብ አላጠብኩም» አለ።

እኔስ ምን ብዬ ነበር? ሰነፍ ነው፣ ያውም ተንኮለኛ። ባሌን ሊያዋርድ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ሴቬሪን ከጉንፋኑ ስላልዳነ ሳይሸተው ቀርቶ ይሆናል። ጉንፋን እንዲህ ያደርጋል።

ዲሴምበር 14

ቢራውን ወንዝ ውስጥ ደፉት። ወንዙ እስከ ወፍጮ ቤቱ አረፋ ለበሰ። አንዲት ሴት ከድልድዩ ላይ «ዓሣው በቅቤ ተጠበሰልን» አለች። ልስቅ ነበር፤ የጎበጠውን የባሌን ትከሻ ሳይ ተውኩት።

ዲሴምበር 27

ሁለተኛው ጠመቃም ቅቤ ሆነ። ቧንቧው ታጥቦ፣ በርሜሎቹ ተፍቀው። ሴቬሪንን «እርሾው ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። አይቼው የማላውቀው ቁጣ ተቆጣ። «እርሾው ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አለ። ዛሬ ጠዋት አሽትቼዋለሁ፣ እንደ ሕፃን ጤነኛ ነው» አለ። የቢራ ነገር ምን አውቃለሁ? ቢራ መጠጣት እንኳ አልወድም። ግን ቀን ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ በእርሾው ጋን አጠገብ አልፌ ነበር፤ የሸተተኝን አልነገርኩትም።

ከቅዳሴ በኋላ ላምበርት ቤታችን መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ዞር ዞር ያደርገዋል።

«ዜንዚ ልጄ፣ ሴቬሪንን እወደዋለሁ። ግን ባለቤቶቹ እስከ ማርች፣ እስከ ዮሴፍ ቀን ብለዋል። ለጾሙ ወራት የሚጠመቀው ቢራ ያን ቀን ሲከፈት እንዲህ ከሆነ ሌላ ጠማቂ እናመጣለን።»

«የምንኖርበት ቤትስ?» አልኩት።

«ቤቱ የጠማቂው ነው፤ የሴቬሪን አይደለም» አለ፤ ወለሉን እያየ። ይህን ለመናገር እንደከበደው አየሁ። ደግ ሰው ክፉ ወሬ ሲያመጣ የሚሰደብ እንኳ ይጠፋል።

ጃንዋሪ 4፣ 1929

ቬንደሊን ማጀቴ ድረስ መጣ። ቆመ፤ ተቀመጥ አላልኩትም።

«እትዬ ዜንዚ፣ እርሾው ታሟል። ሁሉንም ደፍተን፣ ገንዳውን በኖራ ፍቀን ሌላ እርሾ መለመን አለብን። አለቃን ብነግራቸው አይሰሙኝም።»

«አንተ ምን ቸገረህ? ወንበሩ ሲለቀቅ ትቀመጥበታለህ።»

ፊቱ ቀላ። «ወንበሩን ብፈልግ ኖሮ በኒኮላስ ዕለት አፌን ዘግቼ እቆም ነበር። ቧንቧውን እንደሆነ እኔ ራሴ ሁለቴ አጥቤዋለሁ።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ሴቬሪን ነው። ውሸት ነው አልኩት፣ በሩንም ከፈትኩለት።

ጃንዋሪ 5

የሽንኩርት ሾርባ ሠራሁ። ሽንኩርት ግን አልጨመርኩበትም፤ ውሃ፣ ስብና ጨው ብቻ። ሴቬሪን በላና «ሽንኩርቱ ዛሬ ጣፍጦልሻል» አለኝ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጃንዋሪ 9

ዛሬ በእግሬ ጎረቤት ከተማ ቬርንባህ ሄጄ ነበር። ባልዲ ይዤ።

በዚህ አገር ባልዲ የያዘ ሰው ከየትኛውም ጠመቃ ቤት ባዶውን አይመለስም። ተጣላችሁም፣ ተካሰሳችሁም እርሾ ይሰጣል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ግን ሁለት ግዴታ አለው። ባልዲውን የሚሸከመው ከጠማቂው ማዕድ የሚበላ ሰው ነው፤ ቬንደሊን የሚበላው እናቱ ዘንድ ስለሆነ እሱ አይሆንም። ሁለተኛው ይከፋል። ለማኙ በሰጪው ሠራተኞች ሁሉ ፊት ቆሞ የቤቱ እርሾ ለምን እንደሞተ እውነቱን ይናገራል። በሽታ ይዞባቸው መምጣት አለመምጣቱን ማወቅ አለባቸውና።

የቬርንባሁ ጠማቂ ጎትሃርድ ደግሞ ከሴቬሪን ጋር አንድ አለቃ ሥር ሥራ የተማረ፣ በኋላም በአንድ ሠርግ ላይ የባሌን ቢራ «የእግር መታጠቢያ» ያለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ሴቬሪን ለዚህ ሰው ባልዲ ከሚይዝ ባልዲውን ራሱ ላይ ቢደፋ ይመርጣል። ስለዚህ አልነገርኩትም።

መንገዱን ሙሉ ውሸት ስመርጥ ሄድኩ። ብቅሉ ሻግቶ ነው ልበል? ጋኑ ተሰንጥቆ ነው ልበል? በረዶው እስከ ጉልበቴ ነው፤ በየእርምጃው አንድ ውሸት አነሳለሁ፣ አንድ እጥላለሁ።

ጎትሃርድ ሆዱን አስቀድሞ ወጣ። «ምነው፣ የእግር መታጠቢያው ጌታ ራሱ አይመጣም? እግሩን እየታጠበ ነው?» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ከዚያ ባልዲዬን አየና ሳቁን ዋጠው። እንደ ወጉ ሁሉንም ወደ መፍያ ቤቱ ጠራ፤ እጃቸውን እየጠረጉ ቆሙ።

«ተናገሪ» አለኝ።

አንዱም ውሸት አፌ ላይ አልመጣም።

«የባሌ አፍንጫ ሞቷል» አልኩ። «ከጥቅምቱ ጉንፋን ጀምሮ ምንም አይሸተውም። ዝይ አይሸተው፣ ያረረ ወተት አይሸተው፣ እርሾው ሲታመም አልሸተተውም። በየኪሱ ሆፕ ይዞ እያሸ አፍንጫውን ይለምናል። እኔ ደግሞ ሚስቱ ሆኜ እንዳላየ ሰው ዝም አልኩ።»

ይህን በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም ነበር። በባዕድ ሰዎች ፊት ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ በራሴ ድምፅ።

ማንም አልሳቀም። ጎትሃርድ ቆቡን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው። ከዚያ ባልዲዬን ተቀብሎ ራሱ በፈላ ውሃ አጠበው፣ ራሱ ሞላው፣ እንዳይቀዘቅዝብኝ በገዛ ሻርፑ ጠቀለለው። በበረዶ ጋሪም አሳፈረኝ። ጋሪው ሊነሳ ሲል ጠጋ ብሎ «ለሴቬሪን ንገሪው፤ እግር መታጠቢያ ያልኩት ቀንቼ ነው። በዚያ ዓመት ቢራው ከኔ በልጦ ነበር» አለኝ።

ሴቬሪን ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘኝ። ባልዲውን አየ፣ የማንን ሻርፕ እንደሆነም አወቀ።

«ምን አልሽው?»

«እውነቱን።»

ሻርፑን በጣቱ ዳሰሰ። «ሳቀ?»

«አልሳቀም። ቆቡን አወለቀ።»

ይህን ስለው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ ጎንበስ እላለሁ» አለ። «ግድግዳ ነው፣ ዜንዚ። ማዕድ ላይ ፊት ለፊቴ አንቺን አያለሁ፣ አንቺም የለሽም። ፀጉርሽ አይሸተኝም። ነገ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ነበር።» እኔም አጠገቡ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስን፤ መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ እኔ። ከዚያ እርሾው እንዳይሞት ብሎ ተነሳ።

ጃንዋሪ 13

የአባቱን እርሾ ራሱ ደፋው። ሲመለስ እጁ ኖራ በኖራ ነበር።

ቬንደሊንን ለምሳ ጠራሁት። «እናቴ ትጠብቀኛለች» አለ። «እናትህ ይቅርታ ታድርግልኝ፤ አንተም» አልኩት። ዱባ የሚያህል ድንች እያገላበጠ «ምንም አይደል እትዬ» አለ። ተንኮለኛ ያልኩት ይህን ልጅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ማዕድ ይበላል።

ጃንዋሪ 30

አዲሱ ጠመቃ በርሜል ገባ። ሴቬሪን ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጥፎ አረፋውን ያዳምጣል፣ በመዳፉ ሙቀቱን ይለካል፤ ምሬቱና ጣፋጩ አሁንም ምላሱ ላይ አሉ። የቀረው፣ ማሽተቱ፣ የኔ ሥራ ነው። ማን ያምናል።

«ምን ይሸታል?» ይለኛል።

«ቢራ ቢራ ይላል።»

«ቢራ ቢራ የሚል ነገር የለም። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። የአያቴ ምድር ቤት መጣብኝ፤ ጥሬ ፖም በገለባ ላይ ተደርድሮ። ነገርኩት። ፊቱ በራ። «ጥሬ ፖም ከሆነ ቢራው ገና ልጅ ነው ማለት ነው። ሲያድግ ይተወዋል።»

እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። ያውም ቢራ የማልወድ ሴት።

ፌብሩዋሪ 12

እንዲህ ያለ ብርድ ሽማግሌዎቹም አያስታውሱም። ወንዙ እስከ ታች ረግቶ ድንጋይ ሆኗል።

የከተማው ሰው ብርዱ ምላሱን ያሞቀው ይመስል ወሬኛ ሆኗል። ከሴቬሪን ጋር ወደ ገበያ ስንወጣ ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ ላይ «ደህና አደሩ አለቃ፤ የዛሬው የአጃ ነው፣ ከሙን አለበት፣ አሁን ነው የወጣው» አለ። ማን ጠየቀው? መድኃኒት ሻጩ ደግሞ «ካምፎር የሚሉት መድኃኒት ፈሶብኝ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፣ ይቅርታ አለቃ» ይላል። ቆዳ ፋቂው እንኳ፣ በዓመት ሦስት ቃል የማይናገር ሰው፣ «ዛሬ በእኔ በር ባያልፉ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ሴቬሪን ለሁሉም ባርኔጣውን ያነሳል። እኔ ግን የማስበው ስለ ዮሴፍ ቀን ነው። ይህ ሁሉ ወዳጅነት እውነቱ ሲታወቅ የት ይደርስ ይሆን?

ማርች 3

ፖሙ ጠፋ። አዲስ ድርቆሽ፣ ትንሽ የዳቦ ቅርፊት። ቅቤ የለም። ለማረጋገጥ ቬንደሊንም አሸተተ፤ የለም።

ማርች 18

ነገ ነው። ሴቬሪንን ምን ልትል ነው አልኩት። «ጥሩ ነው እላለሁ፤ አንቺ ጥሩ ነው ካልሽኝ ጥሩ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ግን ያሸተተው የኔ አፍንጫ አይደለም» አለ። ይህን ብሎ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። ያለቀ ጫማ ነው የሚጠርገው፤ አልከለከልኩትም።

ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ላምበርት መሐል ላይ ቆሟል፣ ባለቤቶቹ ብርጭቆ በእጃቸው። ቬንደሊን ቀዳ። አረፋው እንደ ነጭ ሱፍ ቆመ። ሴቬሪን ብርጭቆውን አነሳና ወደ መብራቱ አየው። ከንፈሩ ድረስ አደረሰው። አልጠጣም።

«ወዳጆቼ» አለ፣ «በኒኮላስ ዕለት ጥሩ ነው ብያችሁ ነበር። ጥሩ መሆን አለመሆኑን አላውቅም ነበር። አፍንጫዬ ከጥቅምት ጀምሮ የለም። ዛሬም ጥሩ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የምታውቀው እሷ ናት።»

ብርጭቆውንም ለእኔ ዘረጋ።

ከበሩ ወደ መሐል መጣሁና ተቀበልኩት። ከኋላ አንድ ሰው «ሴት? የመጀመሪያውን ብርጭቆ?» ብሎ አጉረመረመ። በልቤ አለቀልን አልኩ፤ አልጋውን የምንጭንበትን ጋሪ እንኳ አሰብኩ።

ላምበርት ወደ አጉረምራሚው ዞረ። «ለእርሾ ባልዲ የበቃች ለብርጭቆውም ትበቃለች» አለ።

ባልዲውን በምን አወቀ? ዙሪያዬን አየሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን ያያል። መድኃኒት ሻጩ ጣሪያውን ያያል። ቆዳ ፋቂው ብቻ በቀጥታ አየኝና ትከሻውን ሰበቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። በቬርንባህ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት የተናገርኩትን ነገር በረዶ ያግደዋል ብዬ ነበር፣ ሞኝ። ከጃንዋሪ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከሙኑን፣ ካምፎሩን፣ ቆዳውን የሚነግሩት ለዚህ ነበር። ራሱ እስኪናገር ድረስ አፍንጫ ሆነውለት ኖረዋል።

«እኛስ ይህንን ቃል ከሱ አፍ ነበር የምንጠብቀው» አለ ላምበርት፣ ቀስ ብሎ። «ቢራውንማ ገና አልቀመስንም። ጠጪ እንጂ ልጄ፣ ጉሮሯችን ደረቀ።»

ጠጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድርቆሽ፤ የዳቦ ቅርፊት፤ ከኋላ ሆፑ፣ መራራ ግን ጨዋ። የድሮው የሴቬሪን ቢራ አይደለም፤ የአባቱ እርሾ ተመልሶ አይመጣም። እሱ እየጠበቀኝ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ጠጡ። ላምበርት ጢሙን ጠረገ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ዳቦ አያስፈልገውም» አለ። ከዚያ የሆነውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ቤቱም፣ ወንበሩም እንዳለ ቀረልን። ቬንደሊን ምድር ቤት ወርዶ ብቻውን ሲያለቅስ አግኝቼው የራሴን መሐረብ ሰጠሁት።

ለምሳ ቀድሜ መጣሁ፤ ካርፕ ዓሣ ጠበስኩ። ምድጃው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ከግቢው ያ ድምፅ መጣ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

«ዜንዚ፣ ዛሬ ምስር ነው።»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። መስኮቱን ከፈትኩ። ደረጃው ሥር ቆሞ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ ላይ ያየኛል፤ ጥፋቱን አውቆ ይስቃል።

«ተሳስተሃል» አልኩት።

«እንግዲያው ንገሪኝ» አለ።

እዚያው መስኮቱ ላይ ሆኜ፣ እንደ እሱ ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ዓሣው ቆዳው ቡኒ ሆኗል፣ ቅቤው ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ ከሙኑን ደግሞ ዛሬም አሳንሻለሁ።